መቶ ሃያ ፉርጎ

እኔ ጁልዴ ባልዴ፣ የማቋረጫው ዘብ፣
ሥራዬ ሁለት ነው፦ ማገድና መዝገብ።
ፊሽካ በከንፈሬ፣ ባንዲራ በእጄ፣
ሃያ ሁለት ዓመት ከሐዲድ ተዋድጄ፣
እሱ ወደሚሄድበት አንድ ቀን ሳልሄድ
እዚሁ ሸበትኩኝ፣ መንገድ ሳግድ ሳግድ።

ባሕሩን የማውቀው በመዝገቤ ገጽ ላይ፤
«የወጣ» የሚለው ዓምድ ጢም ብሏል በቀለም፣
«የገባ» የሚለው፣ ደመና እንደሌለው የበጋ ሰማይ።

የጊኒ ምድር ቀይ ነው፤ ቦክሳይት ይሉታል።
እኛ አፈር እንላለን፤ ስሙ ሲቀየር ዋጋው ይቀየራል።
ከየፉርጎው አናት ነፋሱ እየቀማ
ሲንቹሩ ላይ ይዘራል፣ ድምፅ ሳያሰማ፦
ልብሴ ቀይ፣ ማንጎው ቀይ፣ የልጆች ሳል ቀይ።
(የአውራ ዶሮው ጉትያ ድሮም ቀይ ነበረ፤
እሱን አልቆጠርኩም።)

ልጄ ጄናቡ ደብተሯን ይዛ መጣች፦
«አባ፣ ርቀት ምንድን ነው?»
አልኳት፦ መምህርሽ ማስመሪያ አለው፤ እኔ ዓይን አለኝ።
ወደቡ ከዚህ መቶ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ነው፤
አፈሩ ጠዋት ወጥቶ ለምሳ ይደርሳል።
ጤና ጣቢያው ያውልሽ፣ ከሐዲዱ ማዶ፣
ቆርቆሮው ሲያብለጨልጭ ዓይን ይወጋል፤
ሰው ግን አንዳንዴ ሌሊቱን ሙሉ ተጉዞ አይደርስም።
የአጎትሽ ሽንኩርት ከጋራው ጀርባ
መንገድ አጥቶ በስብሶ ሸተተ፤
ከገበያ የገዛነው ግን ባሕር አቋርጦ፣
በመረብ ከረጢት ተሞሽሮ መጣ።
ካርታ የሠሩት ሰዎች አልዋሹም፣ ልጄ፤
መንገዱን ለድንጋይ ነው የሠሩት።

«እና ምን ብዬ ልጻፍ?»
«ኪሎ ሜትር ነው በይ። ማርክ ታገኛለሽ።»

በዚያው ክረምት፣ ዝናቡ እንደ ጅራፍ ሲወርድ፣
ሲራዲዮ በሞተር እኅቱን ይዞ ደረሰ፤
ረማታ ምጥ ላይ ናት፣ ከንፈሯን ነክሳለች።
ባቡሩ ግን ቆሟል።
መቶ ሃያው ፉርጎ ማቋረጫው ላይ ተጋድሞ
ራሱም ጭራውም በጨለማው አይታይ።
ሬዲዮኔን አነሣሁ፦ «ምን ሆኖ ነው?»
«መርከቡ አልተጠጋም።»
«መርከቡስ?»
«ዋጋ ወርዷል አሉ። እስኪወጣ ይጠብቃል።»

የት ነው የወረደው? ማን ነው ያወረደው?
ምናልባት የሻይ ስኒ ካለበት ጠረጴዛ፣
ስማችንን መጥራት የማይችል ሰው ጣት
አንዲት ቁጥር እንዲህ ዝቅ ስታደርግ፣
እዚህ የረማታ ምጥ ከፍ አለ።

ደንቡ ይላል፦ ከቆመ ባቡር ሥር ማለፍ ክልክል ነው።
በፈረንሳይኛ ነው የተጻፈው፤ የለጠፍኩትም እኔው ነኝ።
ቀዩን ባንዲራዬን ጠጠሩ ላይ አነጠፍኩት፣
ስልሳ አንደኛው ፉርጎ ሥር፣
ሰማንያ ቶን አፈር ከአናታችን ተንጠልጥሎ፣
ሲራዲዮ ባትሪዬን ይዞ፣ እጁ እየራደ።
ብረቱ አንዴ ሲንቋቋ ሦስታችንም ትንፋሻችንን ዋጥን፤
ከዚያ አራተኛዋ ጮኸች፣
ከዝናቡ በላይ።

ጎህ ሲቀድ ባቡሩ ተንቀሳቀሰ። ዋጋው ወጥቶ ይሆናል።
መዝገቤን ገለጥኩ፣
«የወጣ»፦ መቶ ሃያ።
«የገባ»፦ አንድ። ሴት።

ማክሰኞ ተቆጣጣሪው መጣ፤ መነጽሩን አወለቀ፣
ገጹን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግቶ አየ።
«ይሄ ምንድን ነው፣ ጁልዴ? ይህ ዓምድ እኮ ለቶን ነው።
ስንት ቶን ነው የገባው?»

«ሦስት ኪሎ ትሆናለች» አልኩት፣
«ታጥባ፣ አፈሩ ሲለቅላት።»